ለአውሮፕላን የወጣ ሰደቃ

እማ ሐዲያን «ተሳስተዋል» ብሎ ፊት ለፊት የነገራቸው ሰው በሐረር ኤረር በር ሰፈር አይታወቅም፤ ቢኖርም ሁለተኛ አልደገመውም። ፊደል አልቆጠሩም፤ የቆጠረው ሁሉ ግን ምላሳቸውን ይፈራል። የአባታቸውን የግመል ሥጋ መደብ ጊደር መጋላ ገበያ ላይ ወርሰው፣ ከወንዶቹ መሐል ቢላ ይዘው ቆመው ሲሸጡ አረጁ። ጉልበታቸው ሲደክም መደቡን ለረዳታቸው ለአብዱልፈታ አስረከቡት። ምላሳቸውን ግን ለማንም አላስረከቡም።

በቤታቸው ከአባት የወረደ አንድ ወግ አለ። መንገደኛ ከከተማው በር ሲወጣ ለጭልፊት ሥጋ ይወረወርለታል። አባታቸው ግመል ጭኖ የሚወጣ ዘመድ ሲሸኙ ኤረር በር ላይ ይቆሙና የግመል ሳንባ እየቆራረጡ ወደ ላይ ይሰዱታል፤ ጭልፊቶቹም መሬት ሳይነካ ከአየር ላይ ይቀልቡታል። ጭልፊት አናቱ ላይ የዞረለት መንገደኛ መንገዱ ቀና ነው። ጭልፊት ካልመጣ ጭነቱን አውርዶ ያድራል። እንዲህ ነው፣ አለቀ። ለምን ብሎ የጠየቀ ልጅ በኩርኩም ነው የሚመለስለት።

ያን ሰሞን መንገደኛዋ ዓቢር ነበረች፤ የልጃቸው የአፍራ ልጅ፣ ገና ትምህርት ቤት ያልገባች። ልቧ ላይ ቀዳዳ አለ። ሁለት ጊዜ ደረጃ ከወጣች ከንፈሯ ይጠቁራል። ከውጭ የመጡ ሐኪሞች አዲስ አበባ ላይ ለጥቂት ቀን እያከሙ ነበርና ለሷም ተራ ወጣላት። ቀኑ ካለፈ ተራው የሌላ ልጅ ነው፤ ሐኪሞቹ ደግሞ መቼ እንደሚመለሱ የሚያውቅ የለም። በመኪና እንዳትሄድ ባለፈው ሞክረውት ግማሽ መንገድ ሳይደርሱ ልጅቱ እጃቸው ላይ ልታልፍ ነበር። ስለዚህ ቆላ ወዳለው ማረፊያ ወርዶ በአውሮፕላን መሄድ ብቻ ቀረ።

እማ ሐዲያ ታዲያ አንድ ሌሊት ሙሉ ተገላብጠው አሰቡበት። በአየር የሚሄድ ሰው የሚወጣው በየትኛው በር ነው? ጠዋት የእህታቸውን ልጅ ጀማልን አስጠሩት። ጀማል ትልቅ ሰው ነው፤ በዕድሜ ከሱ የምትበልጥ አሮጌ ፔጆ ታክሲ ይነዳል።

«አቦ እማ ሐዲያ፣ ሳንባውን ጊደር መጋላ ላይ ብወረውረው ምን አለበት?» አለ ጫቱን በጉንጩ እንደያዘ። «እዚያ ጭልፊቱ እንደ ሰው ወረፋ ይዞ ነው የሚጠብቀው።»

«አንተ ደነዝ! ዓቢር የምትሄደው በጊደር መጋላ ነው?»

«በአውሮፕላን ነው።»

«አውሮፕላኑስ ከየት ነው የሚነሳው?»

«ከሜዳው።»

«እንግዲያ በሩ እሱ ነዋ! ሂድና ከሜዳው አጥር ሥር ወርውርላት። መንገድ ላይ ሸጠህ በልተኸው ብትመጣ ግን፣ ወላሂ ከሆድህ ነው የማወጣው።»

«የግመል ሳንባ ማን ይገዛኛል?» እያለ ሄደ።

ለአፍራ አልነገሯትም። አፍራ ተምራለች፤ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው። ሰደቃ ሲወጣ አትከለክልም፣ ፈገግ ነው የምትለው። እማ ሐዲያ ስድብ ይችላሉ፣ ጭቅጭቅ ይችላሉ፤ ያቺን ፈገግታ ግን አይችሏትም።

ጀማል እንደታዘዘው አደረገ። አፍራና ዓቢር ተሳፈሩ። እማ ሐዲያ ነደባው ላይ፣ ቀይ ቀለም በተቀባው የቤቱ ከፍታ ላይ ተቀምጠው የሙስበሓ መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ፤ «አሁን ተነሳ፣ አሁን ደመናው ላይ ደረሰ» እያሉ። ስልኩ ጮኸ። አፍራ ናት።

«እማ! ተመለስን!»

«ምን ማለትሽ ነው ተመለስን?»

«መሬቱን ለቆ ገና ቀና ሲል የሆነ ነገር ጧ አለ። አውሮፕላኑ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ የተቃጠለ ሥጋ ሸተተኝ፣ ወላሂ እማ፣ ሥጋ ሲያርር። ሰው ሁሉ ይጮኻል። ዞሮ መልሶ አወረደን። ወፍ ገብቶበት ነው አሉ፤ የሞተሩን ምላጭ አጣሞታል።»

«ዓቢርስ?»

«ደህና ናት። ነገ ጠዋት ሌላ አውሮፕላን ይመጣል ብለው ሆቴል አስገቡን። ነገ ካልደረስን ግን አለቀ፣ እማ። ሐኪሞቹ ነገ ካላዩዋት ተራዋን ለሌላ ሰጡት።»

«ትደርሳላችሁ! እኔ እያለሁ!» አሉ እማ ሐዲያ።

ስልኩን ዘግተው መጀመሪያ አለቀሱ፣ ቀጥለው ኮሩ። አውሮፕላን ያህል ብረት ከሰማይ ተመትቶ አንድ ሰው ሳይጫር መመለሱ ከምን የመጣ ነው? ከሰደቃው ነዋ! ወዲያው ደረጃውን ወጥተው፣ ፎቁ ላይ ተከራይታ የምትኖረውን ለተማርያምን በሯን ደበደቡባት። ለተማርያም ከወሎ ተመድባ የመጣች የፍርድ ቤት ሠራተኛ ናት፤ ለእማ ሐዲያ መልስ የምትሰጥ ሰው ብትኖር እሷ ብቻ ናት።

«አየሽ የኔን ሰደቃ? አውሮፕላኑን ከነሰዉ አወረደው!»

«እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን እንዲደርስ ነበር የምጸልየው፤ መመለሱማ ምን ያደርጋል?» አለች ለተማርያም።

«አንቺ ሂጂና የሰው ክስ ገልብጪ!»

ከሰዓት በኋላ ጊደር መጋላ ገቡ። ለአብዱልፈታ ነገሩት፣ ለቅመም ሻጮቹ ነገሯቸው፣ ለእህል ሻጮቹም። ምሽት ላይ ወሬው ኤረር በር ደርሶ ተመልሶ ለራሳቸው ተነገራቸው። ሐዲያ አውሮፕላን አዳኑ ተባለ። እሳቸውም አላስተባበሉም።

ጀማልን እንደገና ጠሩት። «ዛሬ ሳንባ ነው የላክንላት፤ ሳንባ ምን አለው፣ ነፋስ ነው። ለዚያ ነው መንገዱ ግማሽ ሆኖ የቀረው። ነገ ሥጋ ይሁን። አጥንት የተያያዘበት፣ ወፍራም። አንድ ጆንያ። ገና ሳይሳፈሩ ጭልፊቱ ተሰብስቦ ይጠብቃቸው።»

«ጆንያ ሙሉ?»

«የልጄ ልጅ ልብ ነው እንጂ የዶሮ ልብ መሰለህ?»

በማግስቱ ጀማል ከሱብሒ ሶላት በኋላ ወረደ። እማ ሐዲያ አዲስ ልብሳቸውን ለብሰው ነደባው ላይ ወጡ። እንደትናንቱ ግን አልተረጋጉም፤ ይቀመጣሉ፣ ይነሳሉ፣ ግቢውን ይዞራሉ፣ ያልቆሸሸውን ይጠርጋሉ። ፀሐይ ግድግዳውን ስትይዝ ስልኩ ጮኸ።

«ማረፊያው ውስጥ ገብተናል» አለች አፍራ። ድምጿ እንደትናንቱ አይደለም፤ ተቆጥታለች። «እማ፣ የትናንቱን ነገር ሰማሽ? ጥበቃዎቹ አጥሩ ሥር ሥጋ አገኙ። ሰው ጥሎት! ጭልፊቱ ሁሉ ለዚያ ተሰብስቦ ነው አውሮፕላኑ ሲነሳ መሐሉ የገባው። እንዲህ ዓይነት ጭካኔ አይተሽ ታውቂያለሽ? ያን ሁሉ ሰው!»



«ምን ሥጋ?» አሉ እማ ሐዲያ።

«የግመል ሳንባ።» አፍራ ያደገችው እዚያው ቤት ነው፤ ወጉን ታውቀዋለች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «እማ… አንቺ አልላክሽም አይደል?»

«እኔ?» ምላሳቸው ከልባቸው ቀደመ። «የኛ ወግ ኤረር በር ላይ ነው! ሜዳ ለሜዳ ሥጋ የምበትን ዕብድ መሰልኩሽ? ሳንባ የጣለ ሁሉ የኔ ነው?»

«አይ፣ እንዲያው ነው። ይቅር በይኝ። ልንሳፈር ነው፣ ዱዓ አድርጊልን።»

ስልኩ ተዘጋ። እማ ሐዲያ መሐል ግቢው ላይ ደርቀው ቀሩ። ጆንያው! ጆንያው አሁን መንገድ ላይ ነው። ምናልባትም ደርሷል።

ስልካቸው ላይ ቁጥር ማንበብ ስለማይችሉ አንዱን ቁልፍ ተጭነው ሲይዙ አፍራ ጋ፣ ሁለተኛውን ሲይዙ ጀማል ጋ እንዲደውል ተደርጎላቸዋል። ሁለተኛውን ተጫኑ። የሴትዮዋ ድምፅ፣ የደወሉላቸው ደንበኛ፣ ምናምን። ደግመው ተጫኑ። ያቺው ሴትዮ። «አንቺን ማን ጠራሽ!» ብለው ጮኹባት። የጀማል ስልክ ሁልጊዜም ባትሪ የለውም፤ ያቺ አሮጌ ፔጆም ስልክ አትሞላም።

ጫማቸውን አጥልቀው ወጡ። ለምን ወደ ጊደር መጋላ እንደሚሄዱ በደንብ አላወቁትም። ጀማል ምናልባት አልወጣ ይሆናል፤ ምናልባት ጫት ሲመርጥ ቆይቶ፣ ምናልባት ጎማ ተንፍሶ። ጠባቡን መንገድ በግድግዳው ተደግፈው፣ ሰላም የሚላቸውን እየገፉ ወጡ። ለተማርያም ቢሮ ስትሄድ ከኋላ ደረሰችባቸው።

«እማ ሐዲያ! ምን ሆነው ነው? ልጅቱ ደህና አይደለችም?»

«ተይኝ!»

ፊታቸው ግን አመድ መስሏልና አልተወቻቸውም። ክንዳቸውን ይዛ አብራ ሄደች።

ሥጋ ተራው ላይ ጭልፊቶቹ ከጣሪያ ጣሪያ ይወረወራሉ። ሥጋ የገዙ ሴቶች ዘንቢላቸውን ከነጠላቸው ሥር ደብቀው ይሮጣሉ። አብዱልፈታ ገና ከሩቅ ሲያያቸው ቢላውን ወደ ላይ አነሳ።

«ይኸው መጡ! አውሮፕላን ያወረዱት እናት! መንገድ ልቀቁላቸው!»

ሰዉ ሳቀ፣ አጨበጨበ። አንዲት በርበሬ ሻጭ እጃቸውን ይዛ ሳመች፤ «ለኔም ልጅ ዱዓ አድርጊልኝ፣ የሐዲያ እጅ በረካ አለው» እያለች።

«ጀማል የት አለ?» አሉ እማ ሐዲያ።

«ጀማልማ ሄደ! ጎድን ከነአጥንቱ፣ ያዘዙትን ነው የጫንኩለት፤ እኔም ከራሴ ጨምሬበታለሁ ለአላህ ብዬ። እስካሁንማ እየወረወረ ነው። ዛሬ ጭልፊቱ ሰማዩን ነው የሚሸፍነው፣ ኢንሻአላህ!»

ለተማርያም ደግፋ የእንጨት ሳጥን ላይ አስቀመጠቻቸው።

«ይንገሩኝ» አለቻቸው ጆሯቸው ሥር።

ነገሯት። ለሷም ቢሆን ግማሹን ነው የነገሯት፤ ውሸታቸውን ትተው። ለተማርያም ግን የፍርድ ቤት ሰው ናትና የቀረውን ከፊታቸው አየችው።

«አፍራ እዚያው ናት። አሁኑኑ ይደውሉላት፤ ለጥበቃዎቹ ትንገር፣ አውሮፕላኑን ያቆዩት።»

«አንቺ ደውዪ። ሰው ሥጋ ሲጥል ታይቷል በያት። ሐረር ላይ ሰማሁ በያት።»

«ማን ጣለ ትለኛለች። የት፣ በምን መኪና ትለኛለች። ለምንስ ታምነኛለች? ሊሳፈሩ ነው እኮ! እርስዎ ነዎት የሚያውቁት።»

«አልላክሁም ብያታለሁ» አሉ እማ ሐዲያ። ዕድሜያቸውን ሙሉ እንዲህ ባለ ድምፅ ተናግረው አያውቁም። «ጠይቃኝ አልላክሁም ብያታለሁ።»

«እና? አሁን ‹ልከዋል› ብዬ እኔ ልደውልልዎ?»

«አፌ ተቆርጧል እንዴ!»

ስልኩን አወጡ። አብዱልፈታ፣ በርበሬ ሻጯ፣ ሥጋ ገዢዎቹ፣ ሁሉም ከበው ያያሉ፤ ደስ የሚል ነገር ሊሰሙ ነው። እማ ሐዲያ ራቅ በሉ ሊሉ አሰቡና ጊዜው እንደሌለ ገባቸው። አንደኛውን ቁልፍ ተጭነው ያዙ። ጠራ። ጠራ። አላነሳችም። ተሳፍራ ስልኳን ልትዘጋ ይሆናል። እንደገና ተጫኑ።

«እማ፣ ወደ አውሮፕላኑ እየተራመድን ነው፣ ምንድን ነው?»

«ቁሚ! አትሳፈሪ!»

«ምን?»

«አጥሩ ሥር ጀማል አለ። ሥጋ ይዟል። ጆንያ ሙሉ።»

«ጀማል? የኛ ጀማል? ምን ያደርጋል እዚያ?»

ሻጩ ይጣራል፣ ባጃጁ ይጮኻል። የከበቧቸው ሰዎች ጠጋ ጠጋ አሉ።

«እኔ ነኝ የላክሁት» አሉ እማ ሐዲያ ጮክ ብለው። «የትናንቱንም የላክሁት እኔ ነኝ። ለመንገድሽ ብዬ ነው። ስትጠይቂኝ ዋሸሁሽ። አሁን ሩጪና ለጥበቃው ንገሪ! ነጭና ሰማያዊ ፔጆ ነው፣ በስተኋላ ባለው አጥር! አንቺ ልጅ፣ ሩጪ!»

ከወዲያ ትንፋሽ ብቻ፣ ከዚያ የእግር ኮቴ፣ ከዚያ አፍራ ስትጮህ፦ «ጠብቁ! እባካችሁ ጠብቁ! አታስነሱት!» ዓቢር ታለቅሳለች። የወንድ ድምፅ፣ ሬዲዮ ሲንጫረር፣ ሌላ ወንድ። ስልኩ አልተዘጋም፤ ረስታው ይሆናል። እማ ሐዲያ ጆሯቸው ላይ አጣብቀው ያዙት። በርበሬ ሻጯ ቀስ ብላ እጇን ከትከሻቸው ላይ አነሳች። አብዱልፈታ ቢላውን መደቡ ላይ አኖረና ከቢላው ላይ ዓይኑን አላነሳም።

ብዙ ቆየ። ለተማርያም ውሃ አመጣችላቸው፤ አልጠጡም።

በመጨረሻ አንድ ወፍራም ድምፅ፣ «ሄሎ፣ እናቴ ነዎት ሥጋውን ያስጣሉት?» አለ።

«እኔ ነኝ። አገኛችሁት?»

«አግኝተን ይዘነዋል። ግማሹን በትኖታል። ጥበቃዎቹ እየለቀሙት ነው፤ ወፉን በርችት እያባረርን ነው። እናቴ፣ ምን እንዳደረጉ ያውቃሉ?»

«ዐውቄያለሁ። አውሮፕላኑ ይሄዳል?»

«ሜዳው ሲጸዳ ይሄዳል። ልጅዎ ግን ለምርመራ ትቆያለች። ሰውየው ዘመዷ ነው፣ ሥጋው ለሷ ተብሎ የተጣለ ነው፤ ቃል መስጠት አለባት።»

እማ ሐዲያ ከሳጥኑ ላይ ብድግ አሉ።

«ስማኝ አንተ! እሷ ምንም አታውቅም። ጠይቃኝ የዋሸኋት እኔ ነኝ፤ እዚህ የቆመው ገበያ ሁሉ ሰምቶኛል። ልጅቷ ዛሬ ካልደረሰች ትሞትብኛለች፣ ገባህ? ቃል ከፈለግህ የኔን ውሰድ። እስር ቤት ከፈለግህ እኔን ውሰድ። ጀጎል ግባና ኤረር በር ሐዲያ የምትባል ውሸታም አሮጊት የት አለች ብለህ ጠይቅ፣ ያላገባውም ያገባውም ያሳይሃል። በሬ አይዘጋም። ልጄን ግን ልቀቃት!»

ሰውየው ከሌላ ሰው ጋር ሲነጋገር ተሰማ፤ ቃሉ አይለይም። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

ደግመው ደወሉ። ዝግ ነው። ደግመው። ዝግ ነው። ተሳፍራ ዘግታው ነው ወይስ ቀምተዋት? የሚነግራቸው የለም።

ወደ ቤት ሲመለሱ ማንም መንገድ ልቀቁላቸው አላለም፤ ሰዉ በራሱ ጊዜ ዘወር አለ። ለተማርያም ቢሮዋን ትታ አብራቸው ዋለች። እማ ሐዲያ የግቢውን በር ወለል አድርገው ከፍተው፣ ያንኑ አዲስ ልብስ እንደለበሱ ነደባው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ተነሡ። ደጅ ወጥተው መንገዱን አዩ። ገቡ። ሰማዩ ላይ የሆነ ነገር ባጉረመረመ ቁጥር ቀና ይላሉ፤ ሞተር ብስክሌት ሆኖ ይገኛል።

«ቢሳፈሩ ኖሮ እስካሁን ይደርሱ ነበር?» ይላሉ።

«አላውቅም፣ እማ ሐዲያ።»

«አንቺ ደግሞ የተማርሽው ምን ልታውቂ ነው!»

ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «እሺ ባይደርሱስ?» ይላሉ።

ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። አነሱት።

«ደርሰናል» አለች አፍራ።

«ዓቢርስ?»

«ሆስፒታል ነን። አልጋ ይዛለች። ነገ ጠዋት ለቀዶ ጥገናው ያስገቧታል። ለምን እንደለቀቁኝ አላውቅም፤ በመጨረሻ ሰውየው ሂጂ አለኝ፤ ሄድኩ።»

«አልሐምዱሊላህ። ልጄ፣ እኔ…»

«እማ፣ ተይ። አሁን ላናግርሽ አልችልም። ሥጋውን እንኳ ልረሳው እችል ይሆናል። ጠየቅኩሽ። በጆሮዬ ጠየቅኩሽ፤ ዕብድ መሰልኩሽ አልሽኝ። ዓቢርን ይዤ ልሳፈርበት ነበር።»

እማ ሐዲያ የሚመልሱት ሞልቶ ነበር። ለመንገድሽ ብዬ፣ የአያትሽ ወግ ነው፣ አንቺስ ብነግርሽ ፈገግ ትይብኝ አልነበር? ሁሉም ምላሳቸው ጫፍ ላይ መጣ። ዋጡት።

«አታናግሪኝ» አሉ። «ስልኩን ብቻ አትዝጊው።»

አፍራ ግን አልዘጋችውም። አንድ ነገር ላይ አስቀመጠችው መሰለ። ጎማ ያለው አልጋ ሲገፋ ተሰማ፣ አንዲት ነርስ የሰው ስም ስትጠራ፣ የበር ድምፅ። ከዚያ ቅርብ፣ በጣም ቅርብ፣ የዓቢር ትንፋሽ፤ አጭር አጭር፣ የደከማት ጊዜ የምትተነፍሰው ዓይነት።

በተከፈተው በር ሁለት ፖሊሶች ብቅ አሉ። አንደኛው ኮፍያውን አውልቆ፣ «ወይዘሮ ሐዲያ ማናቸው?» አለ።

እማ ሐዲያ ስልኩን ከጆሯቸው ሳያነሱ፣ በነጻ እጃቸው ነደባውን አሳዩዋቸው፤ ጣታቸውንም ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። ፖሊሶቹ ተያዩ። ለተማርያም ቦታ ለቀቀችላቸውና ጫማቸውን አውልቀው ተቀመጡ።